መርሳት የጀመሩ ወላጆቻችንና የጓዳው ቍልፍ

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ቡናው ቀርቦ፥ ጎረቤትም ተሰብስቦ ሳለ፥ የቤቱ እናት ባለፈው እሑድ የነገሩትን ታሪክ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ አንዱ ፈገግ ይላል፤ ሌላው፦ «ነግረውናል እኮ፥ እማዬ» ይላል። እናቲቱ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም ይላሉ፤ እንግዳው እስኪወጣ ድረስም ቃል አይናገሩም። ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይህን ጨርሶ ያላየ ቤት ብዙ ያለ አይመስለንም። እኛም በቤታችን አይተነዋል፤ ከማየትም አልፈን በድለንበታል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው በደላችን ነው።

ወላጅ እናታችን የዛሬ አራት ዓመት፥ ሰባ አራተኛ ዓመታቸውን በያዙበት ጊዜ፥ ነገር መዘንጋት ጀመሩ። መጀመሪያ የዕድሩን ወርኀዊ መዋጮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፈሉ፤ የዕድሩ ዳኛ ደግ ሰው ስለ ነበሩ ገንዘቡን መልሰው ላኩልን። ቀጥሎም የጎረቤቲቱን ልጅ በእኅቷ ስም መጥራት፥ መነጽር በግንባር ላይ ሳለ መነጽር መፈለግ፥ እንዲህ ያለው ሁሉ መጣ። ከዕድሜ ነው ብለን አለፍነው። የሰኔ ሚካኤል ግን ዓይናችንን ገለጠው። የማኅበሩ ተራ በየዓመቱ ሰኔ 12 ቀን የሚደርሰው ለእናታችን ነው፤ ጠላቸውም በሰፈሩ የተመሰገነ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጌሾው ሁለት ጊዜ ገብቶበት ኖሮ ጠላው እንደ ኮሶ መረረ። ማኅበርተኞቹ በጨዋነት ጠጡት፤ እናታችን ግን አንድ ጊዜ ከቀመሱት በኋላ ወደ ጓዳ ገብተው አልወጡም።

በማግሥቱ እኛ ልጆቻቸው ተማክረን፦ «ከእንግዲህ ወዲህ እርስዎ ይረፉ» አልናቸው። የጓዳውንም ቍልፍ፥ ያን ጎጆ ከወጡ ጀምሮ ከመቀነታቸው ተለይቶ የማያውቀውን ቍልፍ፥ ከእጃቸው ተቀበልን። ሠራተኛ ቀጠርን፤ ደኅና ወንበር ገዝተን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ይህን ስናደርግ እናታችንን የጦርን መስሎን ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ እናታችን እንግዳ ሲመጣ መነሣትን ተዉ፤ ቀኑ ስንት እንደ ሆነ መጠየቅን ተዉ፤ «ምን ላግዛችሁ?» ማለትንም ተዉ። ቀድሞ አንዳንድ ነገር የሚረሱ እናት ነበሩ፤ አሁን ግን ምንም ነገር የማይፈልጉ እናት ሆኑ። እኛም በሽታው ገፋ አልን እንጂ የገፋነው እኛው እንደ ሆንን አላወቅንም።

ወደ ሐኪም የወሰድናቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐኪሙ አስቀድመው ከእናታችን ጋር ብቻቸውን ተነጋገሩ፤ ይህም ክብር እናታችንን ደስ አሰኛቸው። ከዚያ በኋላ እኛን አስገብተው ሦስት ነገር ጠየቁን። ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ጆሯቸው ደኅና ይሰማል? ከጧት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ይውላሉ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረንም።

ከሐኪሙ የተረዳነውን፥ ኋላም በዚሁ ጒዳይ ከተጻፈው ያገኘነውን፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በሽምግልና ጊዜ የሰው ስም ቢጠፋና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ይህ በሽታ አይደለም፤ እግር ፍጥነቱን እንደሚቀንስ አእምሮም ይቀንሳል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ዲሜንሺያ የተባለው ከባድ በሽታ አለ፤ ይህ ሰውን ገንዘቡን ከመያዝ፥ ልብሱን ከመልበስ፥ የቤቱን መንገድ ከማወቅ ያግደዋል። አልዛይመር የሚባለው የዚህ ዋነኛ ምክንያት ነው፤ ስሙንም ያገኘው በ1906 ዓ.ም. የአንዲት ሕመምተኛን ነገር ለሐኪሞች ጉባኤ ካስረዱት ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ስፍራ አለ። በዚህ ስፍራ ያለ ሰው መርሳቱ ከእኩዮቹ ይበዛል፤ ራሱም ያውቀዋል፥ ቤተ ሰቡም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ኑሮውን ራሱ ይመራል። ይህን መካከለኛ ሁኔታ በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ሮናልድ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ መለያውን አብራርተው አስቀመጡት። እኛ በአማርኛ ቀላል የማስታወስ ድካም ብለነዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ቀላል የማስታወስ ድካም ያለበት ሰው ሁሉ ወደ ዲሜንሺያ አይሄድም። ለዚሁ ችግር ወደ ልዩ ሐኪም ቤት ከሚመጡት ከመቶ ሰዎች መካከል በየዓመቱ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ወደ ከባዱ ያልፋሉ፤ በመንደር በሚኖረው ሕዝብ መካከል ሲታይ ደግሞ ቍጥሩ ከዚህ ያነሰ ነው። ብዙዎች ለዓመታት ባሉበት ይኖራሉ፤ ወደ ቀድሞ ጤንነታቸው የሚመለሱም አሉ። እንግዲህ «ጃጁ» ብሎ ፍርድ መስጠት ከስድብነቱም በላይ ሐሰት ሆኖ ይገኛል።

የሚመለሱት እንዴት ይመለሳሉ ቢባል፥ አንዳንድ ጊዜ የመርሳቱ ምክንያት ሌላ ስለ ሆነ ነው። የእናታችንን ነገር ምሳሌ አድርገን እንናገር። አንደኛ፥ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላላቸው እኛው ከመድኃኒት መሸጫ ገዝተን በየማታው የምንሰጣቸው ክኒን ነበር፤ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች፥ ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሸጡ አንዳንዶቹም ጭምር፥ የሽማግሌን አእምሮ ያደነዝዛሉ። ሁለተኛ፥ ጆሯቸው በኵክ ተደፍኖ ነበር፤ ያልሰሙትን ነገር ረሱት ብለን ስንቈጥርባቸው ኖረናል። ሦስተኛ፥ በደማቸው ውስጥ ቢ 12 የተባለው ቪታሚን አንሶ ተገኘ። ይህ ቪታሚን የሚገኘው ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከእንቍላልና ከዓሣ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱን ብዙ ቀን በጾም ምግብ ለሚያሳልፉ አረጋውያን፥ ይልቁንም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ለሚወስዱት፥ ምርመራው አይቅር። መድኃኒቱ በመርፌ ወይም በክኒን ስለሚሰጥ ጾምን አያስፈታም፤ የምግቡን ነገር ደግሞ ከንስሓ አባት ጋር መመካከር ነው። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲደክምም፥ ሰው በኀዘን ተውጦ ሲኖርም፥ መጠጥ ሲበዛም፥ ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታም፥ እንደዚሁ መርሳት ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።

ስለ ጸበል የሚጠይቁን አሉ። በእምነት ወደ ጸበል መሄድ መልካም ነው፤ የምናዝነው መርሳትን ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ አድርገው አረጋውያንን በሚያስጨንቁት፥ የደም ግፊታቸውንም መድኃኒት በሚያስተዋቸው ሰዎች ነው። የደም ግፊት ያለ መድኃኒት ሲቀር የአንጎልን ሥር ስለሚጎዳ መርሳቱን ያባብሳል።

እናታችን ክኒኑ ቀርቶ፥ ጆሯቸው ተጠርጎ፥ መርፌውንም ከወሰዱ በኋላ ፊታቸው ተመለሰ። መርሳቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ የዛሬ ሦስት ዓመትም፥ ዛሬም፥ አለ። የመርሳትን ሥር ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት እስከ አሁን አልተገኘም። በአሜሪካ በ2023 ዓ.ም. የተፈቀደ ሌካኔማብ የተባለ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የአልዛይመርን የመጀመሪያ ደረጃ በመጠኑ ያዘገያል፤ ነገር ግን የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል በብዙ ምርመራና ጥበቃ የሚሰጥ ነው። በሌላ በኩል ግን ተራ ነገሮች ታላቅ ጥቅም እንዳላቸው ተረጋግጧል። በፊንላንድ አገር ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎች ለሁለት ዓመት የተከታተሉበት ሥራ በ2015 ዓ.ም. ታትሟል፤ ግማሾቹ አመጋገባቸውን አስተካክለው፥ ሰውነታቸውንና አእምሮአቸውን አሠርተው፥ የደም ግፊታቸውን አስጠብቀው በመጨረሻ ሲፈተኑ ከሌሎቹ ልቀው ተገኙ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 ዓ.ም. የወጣው የሊቃውንት ዘገባ ደግሞ 14 ምክንያቶችን ቈጥሮ፥ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ካለው ዲሜንሺያ ከመቶው 45 ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደ ነበር ያስረዳል። ከነዚህም ውስጥ የጆሮ መድከም፥ የደም ግፊት፥ ስኳር፥ ትምባሆ፥ ሳይንቀሳቀሱ መዋልና ከሰው መለየት ይገኛሉ። እናታችንን ከቴሌቪዥን ፊት ባስቀመጥናቸው ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በገዛ እጃችን እንደ ሰጠናቸው ሐኪሙ በትሕትና አመለከቱን።

ስለዚህ ቍልፉን መለስንላቸው።

ይህን ማድረግ እንደ መናገሩ ቀላል አልነበረም። እኅታችን ቤቱ ይቃጠላል ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም። ተማክረን ከሰል ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ውስጥ እንዳይገባ፥ ምድጃውም ላይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲኖር ወሰንን። የቀረውን ግን ለእርሳቸው ተውን። ቡናውን እርሳቸው ይቈላሉ፤ ሽሮውን እርሳቸው ያስፈጫሉ፤ ከገበያ የመጣውን በርበሬ እርሳቸው ይመርጣሉ። ያን ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አየን። ጧት የነገርናቸውን የማያስታውሱት እናት፥ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ምንም አይሳሳቱም። ጋኑ በግራዋ መታጠቡን፥ በወይራም መታጠኑን፥ ብቅሉ ምን ያህል መድረቅ እንዳለበት፥ ይህን ሁሉ እጃቸው ያውቀዋል። የሚስቱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ይህን አድርጌዋለሁን፥ ወይስ አላደረግሁም?» የሚለውን ነው።

ምክንያቱን ሐኪሞች ሲያስረዱ፥ አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ሲደክም፥ ከልጅነት የተለመደው የእጅና የአፍ ሥራ ግን በሌላ ክፍል ስለሚጠበቅ እስከ ብዙ ጊዜ ድረስ ሳይነካ ይቈያል ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተማሪው 150ውን የዳዊት መዝሙር በቃሉ ይይዛል፤ ቅኔውን ያለ ወረቀት በልቡ ይቈጥራል፤ ዜማውንም በየዕለቱ እየቀጸለ ከአጥንቱ ጋር ያዋሕደዋል። አንድ የምናውቃቸው መሪጌታ ምሳ መብላታቸውን ከረሱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ነገር ግን በማኅሌት ጊዜ አንድ ወጣት ዜማ ቢያፈርስ በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው ያርሙታል። ልጆቻቸው አስቀድመው «ያፍሩብናል» ብለው ከማኅሌት አስቀርተዋቸው ነበር። አሁን ግን አንድ ዲያቆን እጃቸውን ይዞ ያመጣቸዋል፥ ይመልሳቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ መርሳት ከጀመረ ሰው ሥራውን መውሰድ መርሳቱን ማፋጠን ሊሆን ይችላልና፥ የሚወሰደው ሥራው ሳይሆን ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ ይሁን። ለእናታችን ይህን ቀዳዳ ለመድፈን መላውን ያገኙት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ፊደል ስላልቈጠሩ ማስታወሻ መጻፍ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ጥንስሱን በጠነሰሱ ቀን በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ሰረዝ ያሰምራሉ፤ ጌሾው ሲገባ ሁለተኛ፥ ብቅሉ ሲገባ ሦስተኛ። የጧት መድኃኒታቸውን ሲውጡ ደግሞ የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ፤ ማታ ሲተኙ ይፈቱታል። ማንበብ ለሚችሉት ደግሞ የየዕለቱ ነገር የሚጻፍበት አንድ ደብተር፥ ትልልቅ ቍጥር ያለው የቀን መቍጠሪያ፥ ለመነጽርና ለገንዘብ የማይለወጥ አንድ ስፍራ መኖሩ ብዙ ይረዳል። ደብተሩ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሲሆን አንዱን ፍለጋ ይውላሉ።

ስለ አነጋገራችን ደግሞ ጥቂት እንበል። ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ሁሉ አረጋዊውን ከሳመ በኋላ፦ «እስቲ እኔ ማነኝ? አወቁኝ?» ይላል። ይህ ፈተና ነው፤ ፈተናውም በሰው ፊት ነው። ያወቀው ሰው ምንም አያገኝበትም፤ ያላወቀው ግን ያፍራል። «እኔ የወንድምዎ ልጅ፥ ከደሴ የመጣሁት ነኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ምን ይከብዳል? እንደዚሁም «ነግረውናል እኮ» የምትለው ቃል ከቤታችን ትውጣ። አንዱን ታሪክ አሥር ጊዜ መስማት እርግጥ ያሰለቻል፤ አያሰለችም ብለን አንዋሽም። እኛ የምናደርገው ታሪኩ ሲጀመር ከዚህ በፊት ያልጠየቅነውን አንድ ነገር መጠየቅ ነው፦ «በዚያን ቀን የለበሱት ምን ነበር?»፥ «በቅሎዋ የማን ነበረች?» እንላለን። በዚህ መንገድ ስለ አያታችን ቀድሞ የማናውቀውን ብዙ ነገር ሰምተናል።

በውጭ አገር ላሉ ልጆችም የምንለው አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ወላጆቻቸውን ወደ ሐኪም የሚወስዱ ብዙዎች ናቸው፤ የማስታወስ ፈተናውም በዚያ አገር ሰው ልማድ የተሠራ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠየቁ የኛ አረጋውያን በኛ አቈጣጠር ይመልሳሉ፤ ከነርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ወራችንም 13 ነው፤ ሰዓታችንም ከጧት ይጀምራል። በሐምሌ ወር «ወቅቱ ምንድር ነው?» ተብለው እውነቱን «ክረምት» ቢሉ፥ አስተርጓሚው የበረዶ ወራት ብሎ ይተረጉመውና ስሕተት ይሆንባቸዋል። ከካናዳ የወጣው ሞካ የተባለው ፈተና ከ30 ነጥብ የሚታረም ሲሆን፥ ትምህርታቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ አንድ ነጥብ ይጨምራል፤ እርሳስ ይዘው ለማያውቁ እናት ግን ሰዓት ሳሉ፥ ሣጥን ሳሉ ሲባሉ አንድ ነጥብ ምን ያደርግላቸዋል? ስለዚህ ልጅ ከወላጁ ጋር ይግባ፤ ይህንም ለሐኪሙ አስቀድሞ ያስረዳ።

አሁን ደግሞ ቃላችንን መርሳት ለጀመሩት ለራሳቸው እናድርግ። አባታችን ሆይ፥ እናታችን ሆይ፥ መርሳትዎን ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ብዙ ጊዜም ይደብቁታል። አይደብቁት። ለሚያምኑት አንድ ልጅ ይንገሩ። በእግርዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድን፥ ማኅበርዎንና ዕድርዎን አይተዉ። የቤትና የመሬት ወረቀት፥ የባንክ ደብተር፥ ውርስ የሚባለውንም ነገር ልብዎ ሙሉ ሳለ በምስክር ፊት በሕግ ያስጨርሱ፤ ዘግይቶ የተጻፈ ኑዛዜ በልጆች መካከል ክርክር ያመጣል። ልጆችም ይህን ሲያነሡ ሀብት ለመካፈል የቸኰሉ እንዳይመስሉ ፈርተው ዝም ይላሉና፥ ወላጅ ራሱ ቢያነሣው ይሻላል።

ከዚህ ጋር ስለ አንዲት ሰው ሳንናገር አናልፍም። በየቤቱ የጠባቂነቱ ሸክም የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ነው፤ ወንድሞች ገንዘብ ልከው ዕዳቸውን የከፈሉ ይመስላቸዋል። በቤታችንም ይህች እኅታችን ነበረች፤ አንድ ቀን ከበር ቆማ ስታለቅስ እስክናገኛት ድረስ አላወቅንላትም። አሁን ቅዳሜና እሑድ የእኛ ተራ ነው፤ እርስዋም በእነዚያ ቀናት ስልክ እንኳ እንዳትደውል ተማምለናል። ትደውላለች።

ዘንድሮ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ እናታችን ጓዳ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውም አብራቸው ነበረች። «ጌሾውን ጨምሬዋለሁ?» ብለው ጠየቋት። «ግድግዳውን ይመልከቱት፥ እማማ» አለች። ሰረዙን ቈጠሩ፤ ሁለት ነው። ጥቂት ቈይተው ደግሞ ጠየቁ፤ ደግሞ ቈጠሩ። በሦስተኛው ጊዜ ሳይጠይቁ ወደ ግድግዳው ተመለከቱና፦ «ይህ ግድግዳ ከኔ ይሻላል» ብለው ሣቁ። በማግሥቱ ጠላው እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ጥቂት ቀጥኗል። ማኅበርተኞቹ ግን ሁለተኛ ዋንጫ ጠየቁ። የጓዳው ቍልፍ ከመቀነታቸው ላይ ነው፤ ሌላ አንድ ቍልፍ አስቀርጸን በኪሳችን ይዘናል፤ ይህንም እርሳቸው ያውቃሉ። የራሳቸው በጠፋባቸው ቀን፦ «ያንን የናንተን አምጡት እንጂ» ይሉናል።